አስፒሪን የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲያስነቅል

ሐኪም ያዘዘለትን አስፒሪን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ጥርስ ለማስነቀል ሲነሣ «ደሙ አልቆም ቢልስ?» ብሎ ይፈራና መድኃኒቱን በገዛ ራሱ ያቋርጣል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ማቋረጡ ግን ከመድማቱ የባሰ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ይልቅ እንዲህ ያድርጉ።

1. አሠራሩን ይወቁ። ቁስል ሲከፈት ቀድመው የሚደርሱት ፕሌትሌት የሚባሉ የደም ቅንጣቶች ናቸው። ትሮምቦክሴን የተባለ ንጥረ ነገር እያመነጩ ሌሎችን ይጠራሉ፤ ተያይዘውም ቀዳዳውን ይደፍናሉ። አስፒሪን ትሮምቦክሴን እንዲመረት የሚያደርገውን ኢንዛይም ያሰናክላል። ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው ኢንዛይሙን ዳግም መሥራት አይችልም፤ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚዘልቀው ዕድሜው ሙሉ እንደተሰናከለ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬ ጠዋቷን ኪኒን መዝለል ለከሰዓቱ ቀጠሮ የሚፈይደው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

2. በራስዎ አያቁሙ። በተለይ የልብ ደም ሥርዎ ውስጥ ስቴንት የገባልዎ ከሆነ፣ ያለ ልብ ሐኪምዎ ፈቃድ አንድም ቀን አያቋርጡ። የድድ ደም ተጭነውት ይቆማል፤ የልብን ደም ሥር የዘጋ የረጋ ደም ግን ሕይወት ይቀጥፋል። የሚወስዱት በትንሽ መጠን የታዘዘ አስፒሪን ብቻ ከሆነ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቋረጥ ይነቀላል።

3. ሁሉንም ይንገሩ። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ 75፣ 81 ወይስ 100 ሚሊግራም እንደሆነ ሐኪሙ ራሱ ይየው። ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ጨምረው የሚወስዱ ከሆነ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎ፣ ከዚህ ቀደም ብዙ ደምቶዎት ከሆነ አይደብቁ።

4. ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉት። ደሙ ቢመለስ ክሊኒኩ ሳይዘጋ ይደርሳሉ።

5. አጥብቀው ይንከሱ። ንጹሑ ጎዝ መቀመጥ ያለበት ጥርሱ የተነቀለበት ጉድጓድ ላይ እንጂ ጎኑ ላይ አይደለም። ቀና ብለው ተቀምጠው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይንከሱት፤ በየመሐሉ እያነሡ አይዩት፤ የረጋው ደም አብሮ ይነቀላል። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ ትኩስ ነገር አይጠጡ፣ አያጭሱ። ምራቅዎ ትንሽ ቢቀላ አይደንግጡ።

6. ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከአስፒሪን ጋር ሲደራረቡ ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ ቀድሞ ከተወሰደ አስፒሪን ለልብ የሚሰጠውን ጥበቃ ሊያሳጣ ይችላል።

7. የአደጋ ምልክት ሲያዩ አይዘግዩ። እንደገና ለ30 ደቂቃ ነክሰውም ደሙ ካልቆመ ወይም አፍዎን እየሞላ ካስቸገረ ወደ ሐኪም ይመለሱ። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ፣ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ካጋጠመዎ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

የነገውን አስፒሪን ደግሞ፣ ሐኪም ሌላ ካላዘዘ፣ በተለመደው ሰዓቱ ይውሰዱ።