ስለ መንደር ማስታወቂያ

በመንደር ውስጥ በየቀኑ አዲስ ነገር ይሆናል። በአንዱ ቤት ልጅ ይወለዳል፤ በሌላው ቤት ሽማግሌ ይሞታል። የአንዱ በሬ ይጠፋል፤ የሌላው አጥር ይፈርሳል። ምንጭ ይደፈርሳል፤ ድልድይ በጎርፍ ይወሰዳል። ስለ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ፤ መክረውም ይቆርጣሉ። ነገር ግን የቆረጡት ቃል በስብሰባው ላልነበረ ሰው ካልደረሰ እንዳልተቆረጠ ይቈጠራል። ያልሰማ ሰው ሊታዘዝ አይችልም፤ ስላልታዘዘም ቢቀጣ ፍርዱ ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን የሚያደርስ ሰው ሥራው ከመካሪዎቹ ሥራ አያንስም።

መስቃን የጉራጌ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራ ከተማ ዙሪያ ይገኛል። በስተ ምዕራብ የዘቢዳር ተራራ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ሜዳው ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ሕዝቡ እንሰት ይተክላል፤ በቆሎና በርበሬም ያበቅላል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ተጎራብተው ይኖራሉ።

የጉራጌን መንደር ያየ እንግዳ አስቀድሞ የሚያደንቀው ጀፎረ የሚባለውን ሰፊ መንገድ ነው። ጀፎረ ሣር የለበሰ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ይመልሳሉ፤ ከቤቶቹም ኋላ የእንሰቱ ተክል አለ። ጀፎረ ለመሄጃ ብቻ አልተሠራም። በዚያ ላይ ልጆች ይጫወታሉ፤ ሙሽራ ይታጀባል፤ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ሽማግሎችም ተሰብስበው ይፈርዳሉ። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ሊያርሰው ወይም አጥሩን ወደ እርሱ ሊገፋ አይፈቀድለትም።

አንድ ሰው በሌሊት አጥሩን ግማሽ ክንድ ቢገፋ ማን ያውቅበታል? ግማሽ ክንድ ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ ያን አይቶ በዓመቱ እርሱም ግማሽ ክንድ ይገፋል፤ ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው ያደርጋል። በልጆቻቸው ዘመን ሁለት በሬዎች ጎን ለጎን የማያልፉበት ጠባብ መንገድ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሬሳ የሚያወጡ ሰዎች እንኳ መተላለፊያ ያጣሉ። ስለዚህ ሽማግሎች እንዲህ ያለውን ነገር በጓዳ አይጨርሱትም። ሁሉ እያየ በሜዳ ይመረምሩታል፤ የገፋውም ሰው አጥሩን ወደ ቀድሞው ቦታ እንዲመልስ ሁሉ እየሰማ ይነገረዋል። ድንበር በወረቀት ባልተጻፈበት ዘመን መዝገቡ የሰሚዎቹ ልብ ነበርና።

የመስቃን ሕዝብ ከአባቶቹ የተቀበለው የሸንጎ ሥርዓት አለው፤ ስሙም ፈረዘገኝ ይባላል። ጎረቤቶቹ ክስታኔዎች ጎርደና የሚባል፤ የሰባት ቤት ጉራጌዎችም የጆካ የሚባል ሸንጎ አላቸው። ክስታኔዎች ሕጋቸውን ሴራ ይሉታል። አንባቢ በዚህ አይሳሳት፤ በአማርኛ ሴራ ማለት ተንኮል ነው፤ በዚያ አገር ግን የቀና ሥርዓት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሕግ ብዙ ዘመን በአፍ እንጂ በመጽሐፍ አልኖረም።

በነገሥታቱም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነበር። ንጉሥ አዋጅ ሲያወጣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ ሕዝቡም ድምፁን ሰምቶ ይሰበሰብ ነበር። አዋጅ ነጋሪውም፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ትልቅ ብልሃት አለ፤ የሰማውን ሰው ሁሉ መልእክተኛ ያደርገዋልና። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ከበሮው ወረቀት ሆነ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ዛሬም የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ይህንኑ ስም ይዞ ይኖራል።

ወረቀት ቆይቶ ወደ መንደርም ደረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ገበሬዎች ማኅበር እንዲያቆሙ ታዘዘ፤ የአንዱም ማኅበር አገር ከ20 ጋሻ፤ ይኸውም ከ800 ሄክታር እንዳያንስ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ በገጠሩ ጽሕፈት ቤት ተሠራ፤ ማኅተም ተቀረጸ፤ ማስታወቂያም በበር ላይ መለጠፍ ጀመረ። ነገር ግን የሚበዛው ሰው ማንበብ አያውቅም ነበር። ለማያነብ ሰው የተለጠፈ ወረቀት ግድግዳ እንደ መሸፈኛ ጨርቅ ነው፤ የነጋሪቱ ድምፅ ይሻለው ነበር። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሽበት ያላቸው ሰዎች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ፊደል ቈጠሩ። ስለዚህም ሥራ ኢትዮጵያ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ሽልማት ተቀበለች። ይሁን እንጂ ዛሬም ከቤተ ሰቡ መካከል የሚያነበው የትምህርት ቤት ልጅ ብቻ የሆነበት ቤት አለ። በእንደዚህ ያለ ቤት አዋጅ ነጋሪው ያ ልጅ ነው።

ስለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ይነገር። በአንድ መንደር የቀበሌው ሸንጎ የሕዝቡ ምንጭ እንዲጠረግ ቆረጠ። በጽሕፈት ቤቱም በር እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጠፈ። «የፊታችን ሰኞ ከጧቱ በ2 ሰዓት ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ወደ ምንጩ ይውጣ። የቀረ ሰው 200 ብር ይቀጣል። በሽተኞችና ብቻቸውን የሚኖሩ መበለቶች ግን አይገደዱም።»

አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። በመንገዱም ዳር የምትኖር አንዲት አሮጊት መበለት፤ «ልጄ፤ ወረቀቱ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው። ዝናብ ጀምሮ ነበርና ልጁ ቸኮለ። «ሰኞ ጧት ከየቤቱ ሰው ወደ ምንጩ ይወጣል፤ የቀረ 200 ብር ይቀጣል ይላል» ብሎአት ሮጠ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንድም ሐሰት አልጨመረበትም። ነገር ግን ያስቀረው ቃል ለእርስዋ የተጻፈው ቃል ነበር።

መበለቲቱ ወገብዋን ትታመም ነበርና ዶማ ማንሣት አልቻለችም። ልጅም የላትም። ስለዚህ እንቁላል የምትጥልላትን አንዲት ዶሮዋን ወደ ገበያ ወስዳ ሸጠች፤ ገንዘቡንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰኞ ጧት ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ሊቀ መንበሩም ገንዘቡን አይቶ፤ «እናቴ፤ ይህ ስለ ምንድር ነው?» አላት። እርስዋም፤ «የቅጣቴ ነው፤ መቈፈር አልቻልሁም» አለች። «እርስዎ ቅጣት የለብዎትም፤ ተጽፎአል እኮ፤ አልሰሙምን?» ቢላት፤ «የነገሩኝን ሰማሁ፤ ያልነገሩኝን ከየት ልስማ?» ብላ መለሰች።

ልጁ ተጠራ። አንድ ሽማግሌም፤ «ልጄ፤ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብበኸው ነበርን?» አሉት። «አንብቤው ነበር፤ አባቴ። ዝናብ መጣብኝና አሳጥሬ ነገርኋቸው» ብሎ አለቀሰ። ሽማግሎቹ አልመቱትም። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊም ተወቀሰ፤ ምሕረቱን ከቅጣቱ በኋላ በታችኛው መስመር በጥቃቅን ፊደል ጽፎት ነበርና። ይህ ተግሣጽ የተገባ ነው። ብዙ ጸሐፊ ማስፈራሪያውን በትልቅ፤ ይቅርታውን በትንሽ ይጽፋል። ከዚያም ቀን ጀምሮ ለማያነብ ሰው የሚያነብ ሁሉ እስከ መጨረሻይቱ ፊደል እንዲያነብ፤ የሰማውም ሰው ቃሉን መልሶ እንዲነግረው ቆረጡ። ዶሮዪቱ ግን አልተመለሰችም፤ የገዛት ሰው አርዶአት ነበር። የልጁ አባት ከቤቱ አንዲት ቄብ አውጥቶ ለልጁ አስያዘውና ወደ መበለቲቱ ላከው።

ማስታወቂያ የሚያሳስትበት መንገድ ሌላም አለ። «በ2 ሰዓት» ብሎ ጧት ወይም ማታ ያላለ ወረቀት ሰውን በከንቱ ያደክማል። «የፊታችን ሰኞ» ብሎ ቀኑን ያልጻፈ ወረቀት ሳይነሣ ሁለት ሳምንት ቢሰነብት በየሳምንቱ አዲስ ሰኞ ይጠራል። ዳግመኛም በመስቃን አማርኛን የማይሰሙ አሮጊቶች ቢኖሩ ልጁ ያነበበውን በቤታቸው ቋንቋ ሊነግራቸው ይገባል። ዐርብ በመስጊድ ደጅ ብቻ የተነገረ ነገር ለክርስቲያኑ አይደርስም፤ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ የተነገረም ለእስላሙ አይደርስም። ስለዚህ አስተዋይ ለፋፊ በሁለቱም ደጅ ይቆማል፤ በገበያም ይደግመዋል።

ደግሞም ቃል ከሸንጎ ወደ ቤት ብቻ አይሄድም፤ ከቤትም ይወጣል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በስዊድን አገር ካለው ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው በቡታጅራ ዙሪያ 10 ቀበሌዎችን መረጡ። ዘጠኙ የገጠር፤ አንዱ የከተማ ነበር። አስቀድመው ሕዝቡን ቈጠሩ፤ ከዚያም ወዲህ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፤ ማን እንደ ሞተ፤ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ሄደ ይጠይቁ ነበር። በዚህ መዝገብ ሕፃናት በየትኛው ዕድሜ እንደሚሞቱ፤ የትኛውም ደዌ እንደሚጎዳቸው ተመረመረ፤ በሩቅ አገር ያሉ ሐኪሞችም አነበቡት። መዝገቡ ግን ከእናቶች አፍ የወጣ ነው። እናት የሞተባትን ልጅ ስም ለማታውቀው ሰው መንገር ቀላል አይደለም። ዝም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። መዝጋቢው በደጅዋ ተቀምጦ ሲጠይቃት ግን የተወለደበትን ወር፤ የታመመበትን ቀን፤ ያረፈበትንም ቀን ነገረችው፤ እርሱም በየተራው ጽፎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።