ስለ ጡት ራጅ ባለሙያ ሥራ

በሽታን ገና በእጅ ሳይዳሰስ ለማየት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ ነው። ስለ መሣሪያው የሰማ ብዙ ሲሆን፥ መሣሪያውን ስለምታሠራው ባለሙያ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ምንም ያህል ውድ ቢሆን፥ ጡትን አስተካክላ የምታስቀምጥ የሠለጠነች እጅ ከሌለች ፎቶግራፉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ይህ ሥራ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንገልጻለን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ የደዌው ክብደት

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ ደዌ ሞተዋል። በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ይህ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዟል። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ እኅቶቻችን ወደ ሐኪም የሚመጡት ዕጢው ካደገ ወይም ከቆሰለ በኋላ መሆኑ ነው።

፪ኛ፤ የመሣሪያው አመጣጥ

የራጅን ጨረር በ1895 ዓ.ም. ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ነው። በ1913 ዓ.ም. አልበርት ሳሎሞን የተባለ የበርሊን ቀዶ ሐኪም ተቆርጠው የወጡ 3 ሺህ ያህል ጡቶችን በራጅ መረመረ። በኋላም የኡራጓዩ ሐኪም ራውል ሌቦርኝ፥ ጡት በሚነሣበት ጊዜ መጫን እንደሚያስፈልገውና የአቀማመጡም ጥበብ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን አስተማረ። የዛሬዋ ባለሙያ ሥራ የተመሠረተው በዚህ ትምህርት ላይ ነው።

፫ኛ፤ የባለሙያዋ ተግባር

ባለሙያዋ በቅድሚያ የሴቲቱን ስምና ዕድሜ ከመዝገቡ ጋር ታስተያያለች። ቀጥላም በጡቷ ላይ ያየችው ለውጥ፥ የተደረገላት ቀዶ ሕክምና፥ እርግዝና፥ ወይም ከዘመዶቿ በዚህ ሕመም የተያዘ እንዳለ ትጠይቃለች። በብብቷ የተቀባችው ሽቶ ወይም ዱቄት ካለ እንድታጠበው ታደርጋለች፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ማዕድን በፎቶግራፉ ላይ የደዌ ምልክት የሚመስል ነጭ ነጥብ ያሳያልና።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ ይነሣል። አንደኛው ከላይ ወደ ታች፥ ሁለተኛው ከደረት መካከል ወደ ጎን በሰያፍ ነው። በሰያፉ ፎቶግራፍ የደረት ጡንቻ እስከ ጡት ጫፍ ትይዩ ድረስ መታየት ይገባዋል፤ ከጡት ሥር ያለው እጥፋትም መጉደል የለበትም። ይህ ከጎደለ የጡቱ አንድ ክፍል ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው። ሐኪሙ በሥዕሉ ላይ የሌለውን ሊያነብብ አይችልምና፥ በዚያ ስፍራ ዕጢ ቢኖር ሴቲቱ «ደኅና ነሽ» ተብላ ከነሕመሟ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ፎቶግራፉን አንብቦ ፍርድ የሚሰጠው የራጅ ሐኪም ነው። ባለሙያዋ ያየችውን አትተነብይም፤ በቃሏ ብቻ ሳይሆን በፊቷም እንኳ ታማሚዋን እንዳታስደነግጥ ትጠነቀቃለች።

፬ኛ፤ ጡት ስለ ምን ይጫናል?

ብዙ ሴቶች የሚፈሩት ይህንን ነው። ነገር ግን ጡት በፕላስቲክ ሰሌዳ ሲጫን ይሳሳል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ጨረር ያንሳል። ደግሞም ተደራርቦ የነበረው ሥጋ ይዘረጋል፤ ሰውነትም ስለማይነቃነቅ ሥዕሉ አይደበዝዝም። ሐኪሙ ከሚፈልጋቸው ምልክቶች አንዳንዶቹ ከጤፍ ቅንጣት ያነሱ የካልሲየም ነጥቦች ናቸውና ጥቂት መነቃነቅ ይሰውራቸዋል። መጫኑ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ እንዳየነው፥ ጥሩ ባለሙያ አስቀድማ «እመቤቴ፥ ትንሽ ይታገሡ፤ ከበዛብዎ ይንገሩኝ» ትላለች። ምክንያቱ የተነገራት ሴት ትታገሣለች፤ ያልተነገራት ግን በሚቀጥለው ጊዜ አትመለስም።

በዚህም የተነሣ ትምህርቱ ጥብቅ ነው። በአሜሪካ በ1992 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ባለሙያዋ ለብቻዋ ከመሥራቷ በፊት በአሠልጣኝ ሥር 25 ምርመራዎችን ትፈጽማለች፤ ከዚያም በኋላ በየ24 ወሩ ቢያንስ 200 ምርመራዎችን መሥራት አለባት።

ስለ ጨረሩ መስጋት አይገባም። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እንደሚገልጸው፥ ከሁለቱ ጡቶች ምርመራ የሚገኘው ጨረር ሰው በ7 ሳምንት ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ጋር ይተካከላል።

፭ኛ፤ የማሞግራፊ ወሰን

ማሞግራፊ ሁሉን ያያል ማለት ስሕተት ነው። ይኸው ማኅበር እንደሚለው ከ8 የጡት ካንሰር አንዱ ያህል ያመልጠዋል፤ በተለይ የወጣቶች ጡት ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነጩን ዕጢ ከነጩ ሥጋ መለየት ያስቸግራል። በሌላው በኩል፥ ለተጨማሪ ምርመራ ከተጠሩት 10 ሴቶች ካንሰር የሚገኝባት ከአንዷም ያነሰ ነው። ስለዚህ መጠራት ሞት አይደለም፤ ራጁ ንጹሕ ነው መባልም የተዳሰሰን ዕጢ ችላ ለማለት አያበቃም።

፮ኛ፤ ለመምህራንና ለቤተሰብ

መሣሪያው በሁሉ ስፍራ አይገኝም፤ ዓይንና እጅ ግን በሁሉ ቤት አሉ። የሚከተሉትን ምልክቶች ለእናቶችና ለእኅቶች ንገሩ፤

ሀ) በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት፥ ሕመም ባይኖረውም፤
ለ) እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦረቦረ ወይም ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ቆዳ፤
ሐ) ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፥ ወይም ከእርሱ የሚወጣ ደም።

ከእነዚህ አንዱን ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የዓለም የጤና ድርጅት ሴቲቱ ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ የሕመሙ ምንነት እንዲታወቅ ይመክራል። ጥቂት ወንዶችም በዚህ ደዌ ስለሚያዙ ምልክቱን የሚያዩ ወንዶች አይፈሩ። ሕመሙን የደበቀ መድኀኒት የለውም የሚለው አባባል ለጡት ካንሰር ከምንም በላይ ይስማማል፤ በጊዜ የተገለጠ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል።