የታሰረ መርዝ፤ ራሱን በራሱ ስለሚያጠቃልል የካንሰር መድኃኒት

ከመካከላችን አንዱ የሐርቡ ልጅ ነው። እናቱ የጡት ካንሰር ታመው በየሦስት ሳምንቱ ከሐርቡ በአውቶቡስ እየተነሡ፥ ከሚሴንና ደብረ ብርሃንን አልፈው አዲስ አበባ ድረስ እየመጡ ኬሞቴራፒ ይወስዱ ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጠጉራቸው በሻሻቸው ውስጥ ተራግፎ ቀረና፥ «ልጄ፥ የታመመው ጡቴ ነው፤ ጠጉሬ ምን አጠፋ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አጣ። እኛም የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነንና ከእርሱ አልተሻልንም። ከዚህ በታች ያለው ከፋርማሲ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ጋር ተቀምጠን የተማርነው ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

የጥያቄው መልስ አጭር ነው። አብዛኛው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ፈጥኖ የሚባዛን ሕዋስ የሚገድል መርዝ ነው። የካንሰር ሕዋስ ፈጥኖ ይባዛል፤ የጠጉር ሥር፥ የአንጀት ሽፋንና ደም የሚሠራው መቅኔም እንዲሁ። መርዙ በደም ሥር ገብቶ ገላን ሁሉ ሲዞር ጠላትን ከወዳጅ አይለይም። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን የሚወስነው ለካንሰሩ ስንት ይበቃል በማለት ብቻ ሳይሆን፥ በሽተኛው ስንት ይችላል በማለትም ነው።

መርዝ ማለታችን ለማጋነን አይደለም። በ1936 ከማይጨው ጦርነት በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል በሚያፈገፍገው ሠራዊታችን ላይ ኢጣልያ የሰናፍጭ ጋዝ እንዳርከፈከፈች ሁላችንም ተምረናል። የዚህ ጋዝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን መስታርድን በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ጊልማንና ጉድማን የተባሉ ሊቃውንት ሲመረምሩ፥ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጠፋ አዩ። በ1942ም የሊምፍ ካንሰር ለያዘው ሰው ተሰጠ። ዕጢው ሟሸሸ፤ ኋላ ግን ተመልሶ አደገ። የዛሬው ኬሞቴራፒ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

የጀርመን ተመራማሪዎች በ1958 ይፋ ያደረጉት ሳይክሎፎስፋማይድ ደግሞ ይኸው መርዝ አፉ ታስሮ ነው። እነርሱ ማሰሪያውን የሚፈታው ዕጢው ራሱ ይሆናል ብለው ነበር፤ ሲመረመር ግን ዋናው ፈቺ ጉበት ሆኖ ተገኘ። ሐሳቡ ሳተ፥ መድኃኒቱ ግን ረባ፤ ዛሬም ለጡት ካንሰር ይሰጣል። እንዲህ ታስሮ ገብቶ በገላ ውስጥ የሚፈታው «ቅድመ መድኃኒት» ይባላል። እኛ ይህን ስንሰማ ወዲያው «ሰምና ወርቅ!» አልን። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ የቅኔ ወርቅ የትም ቢፈታ የሚጎዳው ሰው የለም፥ የዚህ ሰም ግን ያለ ቦታው ከቀለጠ ወርቁ ይገድላል።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምስክር ከአገራችን የወጣ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካኖች ለካንሰር የሚሆን ዕፅ ፍለጋ ዓለምን ሲዞሩ፥ በአማርኛ አጣጥ ከምንለው ቁጥቋጦ ወገን የሆነ ተክል ከኢትዮጵያ ወሰዱ። በ1972 ኩፕቻን የተባለ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ከዚሁ ተክል ሜይታንሲን የሚባለውን ነገር ለይቶ አወጣ። ኀይሉ ከብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። በሰው ላይ ሲሞከር ግን ሆድንና ነርቭን አጥብቆ ጎዳ፥ ያመጣው ጥቅምም ጥቂት ሆነና ተተወ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ልጁ የሆነውን መርዝ፥ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ የበዛውን ምልክት ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩት። ይህም ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ተብሎ በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። መርዙ ያው ነው፤ የተለወጠው አገባቡ ነው። (ይህን ያነበበ አጣጥ ቀቅሎ እንዳይጠጣ አደራ እንላለን። በተክሉ ውስጥ ያለው እጅግ ኢምንት ነው፤ ያልታሰረውም መርዝ ነው።)

አሁን ወደ አዲሱ ነገር እንምጣ። መድኃኒትን በጥቃቅን ከረጢት አሽጎ መላክ የታወቀ ነው፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት በስብ ከረጢት ገብቶ በ1995 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ አሠራር ብዙ ጊዜ ከረጢቱ ከጭነቱ ይከብዳል፥ በመንገድም ያፈሳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጭነቱ ራሱ ስልቻ ቢሆንስ አሉ። የመድኃኒቱን ሞለኪውል ከቅባት ጭራ ጋር ያስሩታል። ቅባት ውሃን እንደሚሸሽ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ይህ ባለ ጭራ መድኃኒት ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭራዎቹ ከውሃው ሸሽተው እርስ በርሳቸው ይሰበሰባሉ፤ ማንም ሳያሽጋቸው ናኖ ቅንጣት ይሆናሉ። ስፋቱ መቶ ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። በ2006 በፈረንሳይ የኩቭረር ቡድን ጄምሲታቢን የተባለውን መድኃኒት ከስኳሊን ጋር አስሮ ይህን አሳየ። ስኳሊን በሻርክ ጉበትና በወይራ ዘይት የሚገኝ፥ ገላችንም የሚሠራው ቅባት ነው። ሌሎች ደግሞ ማሰሪያውን ከሁለት የሰልፈር አቶሞች ያበጁታል፤ በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበዛው ግሉታታዮን ይህን ይበጥሰዋል።

ቅንጣቱ ወደ ዕጢው እንዴት ይገባል? ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ ጃፓናውያን በ1986 የዕጢ ደም ሥር ቀዳዳው ሰፊ ስለ ሆነ ትልልቅ ነገር እንደሚያስገባ ጻፉ። ብዙ ተስፋ የተሠራው በዚህ ላይ ነው፤ እኛ ግን ተስፋው ከማስረጃው ቀድሟል እንላለን። በ2016 የወጣ ጥናት ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ሙከራዎች ሰብስቦ ሲያሰላ፥ በመርፌ ከገባው ናኖ ቅንጣት ወደ ዕጢው የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከሺህ ሰባት መሆኑ ነው። ራሳቸውን የሚያጠቃልሉት ቅድመ መድኃኒቶችም አብዛኞቹ ገና በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ ናቸው።

ጓደኛችን ለክረምት ሐርቡ ሲወርድ ይህን ሁሉ ለእናቱ አጫወታቸው። እርሳቸው ዙራቸውን ጨርሰው ነበር፤ ጠጉራቸውም አጭር ሆኖ ወጥቷል። ከሺህ ሰባት መባሉን ሲሰሙ፥ «የቀረውስ የት ይገባል?» አሉት። አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል። ተመራማሪዎቹም አሁን ቅንጣቱን እነዚህ ሁለቱ ቶሎ እንዳያውቁት በምን እንደሚያለብሱት እየሞከሩ ነው።