ንክኪ በተከለከለበት ጊዜ ራስን የመከላከል ሥልጠና፦ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ለአሠልጣኞች ያስገኛቸው በጎ ጎኖችና ወሰኖቻቸው

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ራስን የመከላከል ሥልጠና የሚሰጡ አሠልጣኞችን ዋነኛ መሣሪያቸውን፣ ማለትም አካላዊ ንክኪን፣ በነፈጋቸው ጊዜ ከሙያው ምን እንደ ጎደለና ምን እንደ ተገኘ መመርመር ነው። ጽሑፉ ቀደም ብለው የታተሙ ጥናቶችን መነሻ ያደርጋል። ወረርሽኙ የሥልጠናውን አንድ ክፍል ቢያቋርጥም በጊዜ እጥረት ቸል ይባል የነበረውን ሌላውን ክፍል ወደ ፊት እንዳመጣ ይከራከራል። ይሁን እንጂ የተገኘው ጥቅም ሠልጣኟ በምትኖርበት ቤት ደኅንነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ያለ ጥንቃቄ ሊወሰድ እንደማይገባ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ራስን መከላከል፣ ኮቪድ-19፣ የርቀት ሥልጠና፣ የራስ ብቃት እምነት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት

1. መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው ከሁለት ቀናት በኋላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በአያሌ አገሮች ትምህርት ቤቶች፣ የስፖርት ማዘውተሪያዎችና የማርሻል አርት ክበቦች ተዘጉ። ድርጅቱ በሰዎች መካከል ቢያንስ የ1 ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ መከረ።

ይህ ምክር ለብዙ መምህራን የቦታ ለውጥ ብቻ ነበር። ታሪክ ወይም ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሰሌዳውን በስክሪን ሊተካ ይችላል። ራስን መከላከልን የሚያስተምር ሰው ግን የሚያስተምረው ከሰው እጅ እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል ነው፤ እጁ ከሌለ ትምህርቱ ምን ይሆናል? ጥያቄው የሙያ ብቻ አልነበረም። ሰዎች ከቤት እንዳይወጡ በታዘዙበት በዚያው ወቅት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ በቤት ውስጥ በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት እየተባባሰ መሆኑን በመግለጽ በቤትም ሰላም እንዲሰፍን ጥሪ አቅርበዋል። ሥልጠናው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሥልጠናው በር ተዘጋ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከአገር ውስጥ ቀናት በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. የጽንሰ ሐሳብ መሠረት

ወረርሽኙ የነካውንና ያልነካውን ለመለየት ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ፖልተን (1957) ያቀረበው የዝግ ክሂልና የክፍት ክሂል ልዩነት ነው። ዝግ ክሂል አካባቢው ሳይለዋወጥ፣ ፈጻሚው በራሱ ጊዜና ፍጥነት የሚያከናውነው ድርጊት ነው፤ በቴኳንዶ ወይም በካራቴ ለብቻ የሚሠሩት ተከታታይ ቅርጾች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ክፍት ክሂል ደግሞ ከሌላ ሰው ያልታሰበ እንቅስቃሴ ጋር እየተጣጣመ የሚፈጸም ነው። አንገቱን የተያዘ ሰው የሚሰጠው ምላሽ በያዘው ሰው ጉልበት፣ ቁመትና አቅጣጫ ይወሰናል። ስለዚህ ክፍት ክሂል ያለ ተጓዳኝ ሊዳብር አይችልም።

ሁለተኛው የባንዱራ (1977) የራስ ብቃት እምነት ጽንሰ ሐሳብ ነው። ባንዱራ አንድ ሰው «እችላለሁ» የሚልበትን እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚያገኝ ያስረዳል፤ እነርሱም ራስ ሠርቶ መሳካት፣ ሌላው ሲሳካለት ማየት፣ የቃል ማበረታቻና የአካልና የስሜት ሁኔታ ናቸው። ከእነዚህ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። ኦዘርና ባንዱራ (1990) ይህንኑ በራስ መከላከል ሥልጠና ላይ መርምረውታል። በጥናቱ የተሳተፉት ሴቶች የሠለጠኑት አጥቂ መስሎ ከሚቀርብ ሰው ጋር በሙሉ ኃይል እየታገሉ ሲሆን፣ ከሥልጠናው በኋላ በራሳቸው የመቋቋም ብቃት ላይ ያላቸው እምነት ጨምሮ፣ የተጋላጭነት ስሜታቸው ቀንሶና የእንቅስቃሴ ነፃነታቸው ሰፍቶ ተገኝቷል።

ከሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች የሚገኘው መደምደሚያ ለወረርሽኙ ጊዜ አሠልጣኝ የሚያጽናና አይመስልም። ክፍት ክሂል ተቋርጧል፤ ጠንካራው የእምነት ምንጭም ደርቋል። ነገር ግን ይህ ድምዳሜ ራስን መከላከል ማለት ትግል ብቻ ነው ከሚል እሳቤ የሚነሣ ነው። የሚከተለው ክፍል ይህን እሳቤ ይፈትሻል።

3. ከትግሉ በፊት ያለው ትምህርት

በካናዳ በሻርሊን ሴን መሪነት ተዘጋጅቶ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የተሞከረው ፕሮግራም ለዚህ ፍተሻ ተስማሚ ነው። በ2015 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት 893 የመጀመሪያ ዓመት ሴት ተማሪዎችን በዘፈቀደ ዕጣ በሁለት ምድብ ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሥልጠናው እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት የሚፈጁ አራት ክፍሎች ነበሩት። በዓመቱ መጨረሻ የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር የደረሰባቸው ከሠለጠኑት መካከል 5.2 በመቶ፣ በራሪ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው መካከል ደግሞ 9.8 በመቶ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚሻው የሰዓቱ አመዳደብ ነው። አካላዊ መከላከል የሚሠለጠነው በሦስተኛው ክፍል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል አደጋ የሚጠቁሙ ሁኔታዎችን መለየትን፣ ሁለተኛው የሚያውቁትን ሰው «አይሆንም» ለማለት የሚያስቸግሩ ይሉኝታዎችን ማሸነፍን፣ አራተኛው ደግሞ የራስን ፍላጎትና የግንኙነት ወሰን ማወቅን ይመለከታሉ። ይህን ያህል ውጤት ካስገኘው ሥልጠና አብዛኛው ሰዓት የሰው እጅ ሳይነካ የሚሰጥ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ዓይነት ትምህርት መሆኑ ነው።

4. ወረርሽኙ ያስገኛቸው በጎ ጎኖች

ከላይ የተገለጸውን መሠረት በማድረግ የወረርሽኙ ጊዜ ለአሠልጣኞች ያስገኘውን ጥቅም በአራት ነጥቦች ማየት ይቻላል።

አንደኛው ርቀት ራሱ ትምህርት መሆኑ ነው። ብዙ የመከላከል ጥበቦች አጥቂው እጁን ዘርግቶ ከማይደርስበት ቦታ መቆምን ያስተምራሉ። ከወረርሽኙ በፊት ይህ ትምህርት ለጀማሪ ሠልጣኝ ረቂቅ ነበር፤ ወደ እርሷ የሚጠጋን ሰው «ራቅ በል» ማለትም እንደ ብልግና ይቆጠርባት ነበር። ወረርሽኙ ግን ሰው ሁሉ በገበያ፣ በባንክና በታክሲ ሰልፍ ላይ ርቀቱን በዓይኑ እንዲለካ አስገደደ። አሠልጣኙም ሠልጣኞቹ በየቀኑ የሚለማመዱትን ነገር ለትምህርቱ መነሻ ሊያደርገው ቻለ።

ሁለተኛው የድምፅና የቃል ልምምድ ቦታ ማግኘቱ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ሠልጣኞች ወደ ምቱና ወደ ማምለጫው ስለሚቸኩሉ «ቁም!»፣ «እጅህን አንሣ!» ብሎ በጽኑ ድምፅ መናገር ለይስሙላ ብቻ ይታለፋል። በስክሪን ፊት ለፊት ግን ከአሠልጣኙ ዘንድ የሚደርሰው ፊት፣ ዓይንና ድምፅ ብቻ ነው። አፍን በሸፈነ ጭምብል የሚደረግ ልምምድም ሠልጣኟ መልእክቷን በዓይኗ፣ በአቋቋሟና በድምፅዋ ጥራት እንድታስተላልፍ ያስገድዳታል።

ሦስተኛው የሥልጠናው ቦታ ወደ እውነተኛው የአደጋ ቦታ መቅረቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና የትዳር ወይም የፍቅር ሕይወት ከነበራቸው ሴቶች መካከል 27 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃቱ በአመዛኙ የሚፈጸመው ምንጣፍ በተነጠፈበት ሰፊ አዳራሽ ሳይሆን በአልጋና በግድግዳ መካከል ነው። ከቤቷ ሆና የምትሠለጥን ሴት በር በየት አቅጣጫ እንደሚከፈት፣ ስልኳ የት እንደሚቀመጥ፣ ከየትኛው ክፍል መውጫ እንደሌለ ከአሠልጣኟ ጋር እየተነጋገረች ልታስብ ትችላለች። አዳራሹ ይህን ዕድል አይሰጥም።

አራተኛው የአሠልጣኙን የማስተማር ቋንቋ ይመለከታል። እጁን ዘርግቶ የሠልጣኙን ክርን ማስተካከል የለመደ አሠልጣኝ ያ ሲከለከል ክርኑ ለምን ዝቅ እንደሚል በቃል ማስረዳት ይኖርበታል። ፊትስና ፖስነር (1967) የክሂል ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ የማሰብና የመረዳት ደረጃ መሆኑን ያስረዳሉ፤ የቃል ማብራሪያ ይበልጥ የሚጠቅመውም በዚሁ ደረጃ ነው። ከዚህም ሌላ ንክኪ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ሆነ። ወደ አዳራሽ ሲመለስ «ክንድሽን ልያዝ?» ብሎ የሚጠይቅ አሠልጣኝ የሥልጠናውን ዋና መልእክት በራሱ ድርጊት ያስተምራል፤ ይኸውም የሰው አካል በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚነካ መሆኑን ነው።

5. የበጎ ጎኖቹ ወሰን

እነዚህ ጥቅሞች ሁለት ከባድ ወሰኖች አሏቸው። የመጀመሪያው ሐሰተኛ መተማመን ነው። አየር የሚመታ እጅ ተቃውሞ ስለማይገጥመው ሁልጊዜ የተሳካለት ይመስለዋል። በስክሪን ብቻ የሠለጠነ ሰው ከያዘው እጅ አምልጦ አያውቅም፤ በባንዱራ አገላለጽ ሠርቶ አልተሳካለትም። ስለዚህ አሠልጣኙ የትኛው ክሂል እንደተማሩ፣ የትኛው ደግሞ ገና እንዳልተፈተነ ለሠልጣኞቹ በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው ወሰን ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ከላይ ሦስተኛው በጎ ጎን ቤቱ የሥልጠና ቦታ መሆኑ እንደ ሆነ ተገልጿል፤ ነገር ግን አጥቂው በዚያው ቤት በሌላው ክፍል ተቀምጦ የሚሰማ ከሆነስ? «ቁም!» ብላ በጽኑ ድምፅ የምትለማመድ ሴት ራሷን ለአደጋ ልታጋልጥ ትችላለች። የወረርሽኙ ጊዜ ለዚህ ችግር ድምፅ የማያሰሙ መፍትሔዎችን ወልዷል። በሚያዝያ 2020 የካናዳ ሴቶች ፋውንዴሽን ያስተዋወቀው የእጅ ምልክት አንዱ ነው፤ መዳፍን ወደ ካሜራ ማሳየት፣ አውራ ጣትን ወደ መዳፍ ማጠፍ፣ ከዚያም አራቱን ጣቶች በላዩ መክደን። በስፔን የካናሪ ደሴቶች ደግሞ ጥቃት የሚደርስባት ሴት ወደ መድኃኒት ቤት ሄዳ «ጭምብል 19» ብላ ስትጠይቅ ባለሙያው ለፖሊስ እንዲደውል የሚያደርግ አሠራር ተጀምሯል። ሁለቱም አሠራሮች ራስን መከላከል ብቻን መታገል ሳይሆን ረዳት መጥራትንም እንደሚጨምር ያመለክታሉ። እንዲህ ያለው ምልክት የሚሠራው ግን ተቀባዩ ትርጉሙን ካወቀና ምን ማድረግ እንዳለበት ከተዘጋጀ ብቻ ነው። በመሆኑም የርቀት አሠልጣኝ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት እያንዳንዷ ሠልጣኝ በቤቷ ያለ ሥጋት መናገር መቻሏን ማጣራት፣ ድምፅ አልባ ልምምድ ማዘጋጀትና ምልክት ሲያይ የሚወስደውን እርምጃ አስቀድሞ ከእርሷ ጋር መስማማት ይጠበቅበታል።

6. ማጠቃለያ

ወረርሽኙ ራስን የመከላከል ሥልጠናን ከንክኪ ሲያራቁተው የቀረው ነገር ባዶ አልነበረም። ርቀትን መለካት፣ አደጋን ቀድሞ ማወቅ፣ በጽኑ ድምፅ መከልከል፣ የራስን ቤት በአዲስ ዓይን ማየትና ፈቃድ መጠየቅ ሳይቋረጡ ቀርተዋል፤ እንዲያውም ጎልተው ወጥተዋል። ትግሉ ግን በስክሪን አይተካም።

ይህ ለኢትዮጵያም የሚሆን ትምህርት አለው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 23 በመቶው ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ አካላዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አመልክቷል። ለዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሥልጠና ለማዘጋጀት ሰፊ አዳራሽና ምንጣፍ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም። ንክኪ የማይጠይቀውን ክፍል በመማሪያ ክፍል መጀመር፣ የትግሉን ክፍል ደግሞ አሠልጣኝና ቦታ ሲገኝ ማስከተል ይቻላል። ቅደም ተከተሉን ወረርሽኙ በግድ አስተምሮታል፤ አሁን በፈቃድ ሊሠራበት ይገባል።