መኪና ስንሸጥ የተማርኩት ዕብራይስጥ

እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም። በአገር ቤት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የደረስኩት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እርሻና ከብት ነበር። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ይቅር በሉኝ። ሞራችን «ከክፍል ውጭ በዕብራይስጥ የፈጸማችሁትን አንድ ጉዳይ ጻፉ» ስትለን ሌሎቹ ስለ ኩፓት ኾሊምና ስለ ሱፐር ጻፉ። እኔ ግን ከሱኮት ማግስት እስከ ሐኑካ ድረስ አሳሬን ያሳየኝን ነገር እጽፋለሁ። ይኸውም የወንድሜን መኪና መሸጥ ነው።

ታላቅ ወንድሜ እስራኤል የገባው በ2006 ነው። እኛ ጎንደር ስንጠብቅ ቆይተን ከመጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። ዘንድሮ ዓይኑን ስለታመመ ሐኪሙ «ከእንግዲህ መንዳት የለም» አለው። መኪናዋ ትንሽ፣ ነጭ፣ የ2009 ስሪት ናት። «እኔ ጊዜ የለኝም፤ አንተ ሽጣትና ግማሹን ገንዘብ ውሰድ። ከመርከዝ ስትወጡ ለፍሪጅና ለልብስ ማጠቢያ ይሆናችኋል» አለኝ። እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ግን ግማሽ ገንዘብ ሲባል ማን እምቢ ይላል? ደግሞ በሬ ስሸጥ ነው ያደግሁት፤ ገበያ አውቃለሁ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ማስታወቂያ መጻፍ ነበረብኝ። እዚህ ላይ ሞራችን ሙሉ አንድ ሰዓት ሰጠችን። የመጀመሪያው ቃል «ያድ» ነው፤ እጅ ማለት። መኪና «ያድ ሪሾና» ከሆነች አንድ ባለቤት ብቻ ነበራት። «ያድ ሽኒያ» ከሆነች ሁለት። የወንድሜ «ያድ ሽሊሺት» ናት፤ ሦስተኛ እጅ። አንድ አብረውን የሚማሩ ሽማግሌ «እንዴ! በግዕዝም እጅ እድ ነው እኮ» አሉ። ያድ፣ እድ። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሁለተኛው ቃል ግን ክፍሉን አፈረሰው። ገዥ ሲጠይቅ «በዓሊም ኮድሚም» ይላል፤ የቀድሞ ባለቤቶች ማለት ነው። «በዓል» በዕብራይስጥ ባለቤትም ነው፣ ባልም ነው። ሞራዋ «ስንት በዓሊም ኮድሚም ነበሯት?» ብላ ስትጠይቅ ሴቶቹ የቀድሞ ባሎች መስሏቸው በሳቅ ሞቱ። እኛም እኮ በአማርኛ «ባለቤቴ» ስንል ባልም ሚስትም ማለታችን ነው፤ የቤት ባለቤት ስንል ደግሞ ሌላ ነው። ሞራዋ ይህን ስንነግራት እሷም ሳቀች። «ባዓሉት» ማለት ባለቤትነት ነው። «ሃዓቫራት ባዓሉት» ማለት ደግሞ ባለቤትነትን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሳለፍ ነው። ይህን ቃል ያዙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሱ ነውና።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ስልኩ ፋታ አልሰጠኝም። የሚደውለው ሁሉ መጀመሪያ «ሃኦቶ ዓዳይን ሬሌቫንቲ?» ይላል። ሬሌቫንቲ የሚለውን ቃል ኡልፓን አልተማርነውም። እኔ ብልሽት የሚጠይቁኝ መስሎኝ «ሎ፣ ሎ፣ ሃኮል ቤሴዴር» እል ነበር። ሰውየው ስልኩን ይዘጋል። ለካ «መኪናው ገና አለ ወይ?» ማለቱ ኖሯል! እኔ ደግሞ «የለም» እያልኩ ነው። ስንት ገዥ እንዲህ እንዳባረርኩ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማ ሃመሒር ሃአኻሮን?» ነው። የመጨረሻ ዋጋህ ስንት ነው? እንግዲህ ፍረዱኝ። በአገራችን ገበያ ሰው በሬውን ሳያይ ዋጋ ይጨርሳል? መጀመሪያ ጥርሱን ያያል፣ ጀርባውን ይዳስሳል፣ ያስኬደዋል፣ ከዚያ ይጠራል፤ አንተ ትስቃለህ፣ እሱ ዘወር ብሎ ይመለሳል። እዚህ ግን ሰውየው ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የመጨረሻውን ንገረኝ ይላል። መጀመሪያ ላይ በየዋህነት ነገርኩ። 12,000 ሼቄል የጻፍኩትን «10,000» ስል፣ ሲመጣ ከ10,000 ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ሞራችን ያስተማረችኝ መልስ ይህ ነው፦ «ታቮ ቲርኤ፣ አኻር ካኽ ነዳቤር።» ና እይ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ይህን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ጽፌ ስልኬ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት።

ብዙዎቹ ደግሞ «መሒሮን» ይላሉ። ይህ የሌቪ ይስሓቅ የዋጋ ዝርዝር የሚባለው ነው። በአገሩ ሁሉ ሰው ያገለገለ መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ይጠቅሰዋል። የመኪናው ዓይነትና ዓመት ዋጋ ይወጣለታል፤ ከዚያ እጁ ከበዛ ይቀነሳል፣ ኪሎሜትሩ ከበዛ ይቀነሳል፣ የኩባንያ ወይም የኪራይ መኪና ከነበረ ይቀነሳል። በሬ ዝርዝር የለውም። ግን ዝርዝሩ ለእኔም ጠቀመኝ። አንድ ሰውዬ አነጋገሬን ሰምቶ «አኺ፣ አኺ» እያለ ገና ቁልፉን ሳልሰጠው በ5,000 ልውሰዳት ሲለኝ፣ የኡልፓን ልጆች ያወጡልኝን ወረቀት አሳየሁት። ዝም አለ። በኋላ እንደሰማሁት ነጋዴ ነው፤ እንደ ተራ ሰው ሆኖ ይመጣል፣ ገዝቶ በማግስቱ ይሸጣል። ከእሱ በኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከታትለው መጥተው ያንኑ ዋጋ ተናገሩ። ጓደኞቹ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም።

«ባዴሬኽ» የሚለውንም ቃል በደንብ አወቅሁት። መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው። ትርጉሙ ግን አይመጣም ማለት ነው። አንድ ዓርብ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ሳላመጣ፣ በዝናብ ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ።

መኪናዋን መሞከር የሚፈልግ ሲመጣ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን እዩ። ቀጥሎ የእናንተን ቢቱአኽ እዩ። «ቢቱአኽ ሆቫ» የግዴታው ኢንሹራንስ የሰው አካል ጉዳትን ነው የሚሸፍነው፤ የተገጨውን መኪና አይሸፍንም። ለዚያ ሌላ ቢቱአኽ ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የአሽከርካሪውን ዕድሜ ይወስናል። የወንድሜ ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብቻ ይላል። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጥቶ «እኔ ልንዳ» ሲል እምቢ አልኩ፤ አባትየው ነዳ። ልጁ ተቀየመኝ። ቢገጭስ ማን ሊከፍል ነው?

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ጊሯ ይመታል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትገባ እንደ ማደናቀፍ ያደርጋታል። ስትሞቅ ይጠፋል። ወንድሜ «ሰው ከመምጣቱ በፊት ሃያ ደቂቃ አሙቃት፤ ካልጠየቁህ አትናገር» አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። በአገራችን የማያርስ በሬ ሳይናገር የሸጠ ሰው ስሙ ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ ዋሱም አብሮ ይዋረዳል። እዚህ ዋስ የለ፣ ማን ያውቀኛል? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ገዥዎች አሙቄ አሳይቻለሁ። አንደኛው ገዥ አብራ የመጣችውን እናቱን «ለሥራሽ ትሆንሻለች» ሲላት ሰማሁ። ሴትዮዋ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የእኔም ሚስት እንደዚያው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደግነቱ በዋጋ አልተስማማንም።

ሞራዬን ስጠይቃት የሚያውቁትን ብልሽት ደብቆ መሸጥ ሰውን ወደ «ቤት ሚሽፓት ሊትቪዖት ክታኖት»፣ ማለት ወደ ትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ሊያስኬድ እንደሚችል ነገረችኝ። እዚያ ሰው ያለ ጠበቃ ራሱ ይከስሳል። እኔ ግን የፈራሁት ፍርድ ቤቱን አልነበረም። ለወንድሜ «ጋሼ፣ እኔ እናገራለሁ» አልኩት። «እንግዲያው ግማሽህ ይቀንሳል» አለኝና ለአንድ ሳምንት ስልኬን አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ለመጣ ሁሉ «ሃጊር ሎ ኮል ካኽ ቶቭ» እል ጀመር። ሁለቱ ወዲያው ሄዱ። ሦስተኛው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ከሚስቱ ጋር መጣ። ስነግረው ትንሽ አሰበና «ቶዳ ሼአማርታ» አለኝ፤ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ። «ማኾን ብዲካ» እንውሰዳት አለ። ይህ መኪና የሚመረመርበት ቦታ ነው፤ ገዥ የሚከፍልበት። ውጤቱ እንደ ሐኪም ወረቀት ሦስት ገጽ ወጣ፦ ጊር፣ የኋላ አሞርቲዜተር፣ ከበር ሥር ዝገት። ዝገቱን እኔም አላውቅም ነበር። ተከራክረን ተከራክረን በ8,500 ተስማማን።

ከዚያስ ተሸጠች? አልተሸጠችም! ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ዶአር፣ ማለት ፖስታ ቤት መጣ፤ እኔም የመኪናዋን «ሪሽዮን ሬኼቭ» ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ባለቤቱ የት አለ?» አለች። ወንድሜ ለካ መኖር አለበት። ሻጭ ራሱ ከቴውዳት ዜሁቱ ጋር፣ ገዥም ከነቴውዳት ዜሁቱ ይቀርባሉ፤ ክፍያው ይከፈላል፣ ባዓሉት ያልፋል። አሁን በኢንተርኔትም ሁለቱም ወገኖች ሊፈጽሙት ይቻላል፤ እኛ ግን አልሞከርነውም። መኪናዋ ላይ «ሺዕቡድ»፣ ማለት የብድር እገዳ ካለ ደግሞ ሳይነሳ አያልፍም። ወንድሜ ያን ቀን የዓይን ክሊኒክ ነበር። እኔ አፈርኩ። ሰውየው «ቁልፉን ስጠኝ፣ ገንዘቡን ውሰድ፣ በሌላ ሳምንት እንመጣለን» አለኝ።

ገንዘቡን አየሁት። 8,500 ሼቄል በአንድ ፖስታ። ግን እዚሁ መርከዝ ያለ አንድ ጎረቤታችን የደረሰበት ትዝ አለኝ። እሱ መኪናውን በእጅ መጨባበጥ ብቻ ሸጦ፣ ገዥው «ነገ እናስተላልፋለን» እያለ ወራት አለፉ። በዚያ መካከል የፓርኪንግ ቅጣት በእሱ ስም መጣ፣ የክቪሽ 6 ሒሳብ በእሱ ስም መጣ። በመዝገብ ላይ ባለቤቱ እሱ ነዋ! ስለዚህ «ስሊኻ፣ ብሊ ሃዓቫራ ኤን ማፍቴያኽ» አልኩት። ያለ ማስተላለፍ ቁልፍ የለም። ሰዋስው ያስተካከለልኝ የለም፤ ግን ገባው። ይቀራል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ደወለ። ወንድሜንም በሚስቱ በኩል ለምኜ አስታረቅሁት፤ መጣ። ከዶአር በፊት «ዚክሮን ድቫሪም» እንጻፍ ተባለ። ይህ የስምምነት ወረቀት ነው፦ የሻጭና የገዥ ስም፣ የመኪናዋ ቁጥር፣ ዋጋው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የታወቁት ብልሽቶች። ሰዓቱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቅጣት የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ወንድሜ ዕብራይስጥ እንደ ውሃ ይናገራል። ወረቀቱን ሲሰጡት ግን ወደ እኔ ገፋው። ይህን ሁሉ ዓመት ሥራ እንጂ ኡልፓን ለመቀመጥ ጊዜ አላገኘም፤ መጻፍ አይችልም። እኔ አላውቅም ነበር። ዘጠኝ መስመር ጻፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጊር» የሚለውን በጊመል ዮድ ሬሽ ጻፍኩት፤ ትክክል ነው ተባለ። ወንድሜ ሥር ፈረመ።

ገንዘቡ በጥሬው ነበርና ዶአር ውስጥ ቆጠርነው። ባንክ ቼክ የሚሰጣችሁ ካለ የተጭበረበረ አለና ከገዥው ጋር ባንኩ ድረስ ሂዱ። በተለይ ዓርብ ከሰዓት፣ ባንክ ከተዘጋ በኋላ ቼክ ይዞ ለሚጣደፍ ሰው ቁልፍ አትስጡ። ደግሞ ከሽያጩ በኋላ ቢቱአኹን ማሰረዝ አትርሱ፤ ለቀረው ጊዜ የሚመለስ ገንዘብ አለ። እኛ ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው።

ወንድሜ ከዶአር ስንወጣ ሳይቀንስ 4,250 ሰጠኝ። ስለ ጊሩ ምንም አልተናገረም። «ያን ሰሌዳ ላይ ያለውን ምን ይላል? አንብብልኝ» አለኝ፤ አውቶቡስ እየጠበቅን ሳለ። አነበብኩለት።

ማስታወቂያውን ማንሳት ረስቼ እስካሁን ይደወልልኛል። «ሃኦቶ ዓዳይን ሬሌቫንቲ?» ሲሉኝ «ሎ፣ ኒምኬራ» እላለሁ። ሞራዬ ግን አረመችኝ፤ ሰውየው «ኦቶ» ካለ ወንድ ነው፣ «ኒምካር» ይባላል፤ «መኾኒት» ካለ ነው ሴት የሚሆነው፣ ያኔ «ኒምኬራ»። እኔ ለዚያች መኪና ኒምኬራ ማለቱ ይቀለኛል።