እርጥብ አጣናና የመድረሳው ጣራ



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ለእረፍት አገር ስንገባ አባቶች ይጠይቁናል፤ በሰደቃ ገንዘብ የተሠራው መድረሳ ቆርቆሮው ሳያረጅ ጣራው ለምን ጎበጠ? ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው አናጢው ነው። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠይቀው የባሕር ዛፉ አጣና ተቆርጦ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደተመታ ነው።

እንጨት ውስጥ ውሃ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ በሕዋሱ ባዶ ክፍል ያለው ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ ጥንካሬው እምብዛም አይለወጥም። ሌላው የሕዋሱ ግድግዳ የያዘው ነው። እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ይህኛው መውጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጠነክራልም። መቶኛው የሚሰላው ከደረቁ ክብደት ነው፦ 150 ግራም የነበረ ቁራጭ በ103 ዲግሪ ምድጃ ደርቆ 100 ግራም ከሆነ እርጥበቱ 50 በመቶ ነበር።

አንድ እንጨት በ12 በመቶ እርጥበት 60 ሜጋፓስካል፣ እርጥብ ሳለ 30 ይችላል እንበል። ለውጡ 25 በመቶ ላይ ያበቃል ብለን ብንወስድ፣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ጭማሪ ጥንካሬውን በ0.948 እናባዛለን። በ20 በመቶ 39 ይሆናል፤ ሲሶው ሄደ ማለት ነው።

ጉብጠቱን ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይገልጸውም። በአውስትራሊያ አርምስትሮንግና ኪንግስተን በ1960 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ ጭነት ተሸክሞ የሚደርቅ እንጨት ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ከሚቆየው እንኳ ይበልጥ ይጎብጣል። የእኛ ወራጅ ዕጣ ይኸው ነው፤ ቆርቆሮ ተሸክሞ እየጠነከረ ይጎብጣል። በኋላም ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር ትንሽ ይጨመርበታል።

መፍትሔው ወጪ የለውም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ዝናብ ሲያበቃ ቆርጦ፣ ልጡን ልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ በጥላ ሥር ነፋስ እንዲያልፍበት መደርደር ነው። አንዱን አጣና ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ በገበያ ሚዛን መመዘን ይቻላል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል። በስማዳ ቆላ ቶሎ ይደርቃል፣ በነፋስ መውጫ ብርድ ይዘገያል።

ጊዜ ከሌለ ወፍራም አጣና ይመረጥ። ርዝመቱና ጭነቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ ከ8 ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ ጉብጠቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል።