ስለ ትሮትል ሴንሰር አመረማመር፤ ለመለዋወጫ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። በመለዋወጫ ንግድ የተሰማራን ሰዎች ይህን ተረት ዘንግተን ስንገኝ ጉዳቱ በገንዘብ ሳይወሰን በስማችንም ላይ ይደርሳል። ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት በመጠኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ ነገር ግን በገዢና በሻጭ መካከል ብዙ ክርክር ስለሚያስነሣ አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የትሮትል ሴንሰር ነው።

በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የሆነውን በቅድሚያ ልግለጽ። አንድ ደንበኛ የመኪናውን የፋብሪካ ኮምፒውተር አንሥቶ በምትኩ ለልዩ ልዩ ሞተር እንዲስማማ ሆኖ የሚስተካከል፣ ለብቻው የሚሸጥ ኮምፒውተር አስገጠመ። ሞተሩ አልነሣ ስላለው ከእኛ ዘንድ አዲስ ሴንሰር ገዛ፤ በማግሥቱም «የሸጣችሁልኝ ዕቃ ብልሹ ነው» ብሎ መለሰው። ለወጥንለት፤ ሁለተኛውንም መለሰው። አሠሪዬ ተቈጥተው ዕቃውን ለላከልን የውጭ አገር ድርጅት የአቤቱታ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ደብዳቤው ለፊርማ በቀረበበት ሰዓት አንድ አረጋዊ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወደ ሱቃችን ገብተው ነበርና «ለመሆኑ ዕቃው ተለክቷልን?» ሲሉ ጠየቁ። ለካሁ የሚል ሰው አልተገኘም።

አሁን የዕቃውን ጠባይ እንመልከት። ትሮትል ማለት ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ተከፍቶ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ክዳን ነው። ሴንሰሩ በክዳኑ ዘንግ ጫፍ ላይ ተገጥሞ ክዳኑ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። አሠራሩ እንደ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ሲሆን ሦስት ሽቦ አለው፤ በአንዱ 5 ቮልት ይገባል፤ ሁለተኛው ማሳ ነው፤ ሦስተኛው በክዳኑ መዞር ልክ ከፍና ዝቅ የሚለውን ምልክት ያወጣል። በብዙዎቹ ዘንድ ክዳኑ ሲዘጋ ምልክቱ 0.5 ቮልት፣ ሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት ገደማ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከፈተው ትሮትልና ንክኪ የሌለው ሴንሰር ግን አመረማመራቸው ሌላ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ አይጠቃለሉም።

ምርመራው በሦስት ደረጃ ይፈጸማል።

አንደኛ፤ ሶኬቱን ነቅሎ ኦሙን በቴስተር መለካት ነው። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ በመካከላቸው ያለው ኦም የማይለወጥ ሁለት ጫፎች የ5 ቮልቱና የማሳው ናቸው፤ የቀረው ሦስተኛው የምልክቱ ነው። ምልክቱ ሁልጊዜ መካከለኛው ጫፍ ነው ብሎ መገመት ያሳስታል። ከዚያ በምልክቱና በማሳው ጫፍ መካከል እየለኩ ክዳኑን በቀስታ መክፈት ነው፤ ኦሙ ሳይዘልና ሳይቋረጥ መለወጥ አለበት። ለዚህ ሥራ ባለ መርፌው ቴስተር ከባለ ቁጥሩ ይልቅ መቋረጡን አጉልቶ ያሳያል። ያገለገለ ሴንሰር በይበልጥ የሚበላው ክዳኑ አዘውትሮ በሚቆምበት፣ ማለት በሚኒሞና በጥቂቱ በተከፈተበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ፤ ሶኬቱን መልሶ፣ ቁልፉን አብርቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቮልቱን መለካት ነው። 5 ቮልቱ ካልመጣ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የኮምፒውተሩ እንጂ የሴንሰሩ አይደለም። ሴንሰሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ምልክቱ የሚንቀጠቀጥ እንደሆነ ማሳው ከመኪናው አካል ተወስዶ ይሆናል፤ ለሴንሰሮች ከተመደበው ከኮምፒውተሩ ማሳ መወሰድ ይገባዋል። 5 ቮልቱ በስሕተት በምልክቱ ጫፍ የገባ እንደሆነም ክዳኑ ወደ አንዱ ዳር ሲደርስ ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ወደ ማሳ ስለሚሄድ የሴንሰሩ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ የተቃጠለ ዕቃ የፋብሪካ ጉድለት ነው ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፤ ኮምፒውተሩን ማስተማር ነው። የፋብሪካው ኮምፒውተር ስለ ራሱ መኪና ሴንሰር አስቀድሞ ያውቃል፤ በኋላ የሚገጠመው ግን የተዘጋውንና ሙሉ የተከፈተውን ወሰን ካልነገሩት አያውቅም። ለምሳሌ ሜጋስኩዊርት ሁለት የተባለው ኮምፒውተር ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ያነባል፤ 0.5 ቮልት በ102፣ 4.5 ቮልት በ921 ገደማ ይታያል ማለት ነው። ሙሉ የተከፈተውን ወሰን ሲያስመዘግቡ ክዳኑን በእጅ ከማዞር ከሹፌሩ ወንበር ሆኖ ፔዳሉን መርገጥ ይሻላል፤ ገመዱ ረግቦ ክዳኑን እስከ መጨረሻው የማይከፍት ከሆነ በዚያው ይታወቃልና። ሴንሰሩ በተለወጠ ወይም ብሎኑ በላላ ቁጥር ትምህርቱ መደገም አለበት።

ወደ ደንበኛችን ጉዳይ እንመለስ። ባለሙያው ሁለቱንም ሴንሰሮች በጠረጴዛችን ላይ ለክተው ጤነኞች ሆነው አገኟቸው። ወደ መኪናው ሄደው ሲለኩ ግን ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ 4.5 ቮልት ተነበበ፤ ሲከፈትም ወደ 0.5 ወረደ። የ5 ቮልቱና የማሳው ሽቦ ተቀያይረው ነበር። ኮምፒውተሩም ክዳኑ ሙሉ የተከፈተ መሰለው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች በሞተሪኖው ጊዜ ክዳኑ በጣም ተከፍቶ ሲያዩ ሞተሩ በቤንዚን ታፍኗል ብለው ነዳጁን ይዘጋሉ። ሽቦዎቹ ተስተካክለው ወሰኑ በተመዘገበ ጊዜ ሞተሩ ተነሣ። የአቤቱታውን ደብዳቤ ቀደድኩት፤ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ንጹሕ የሆነውን ላኪ በሐሰት ከስሰን ነበር።

ስለዚህ አስመጪዎችና ባለሱቆች ይህን እንዲያደርጉ እንመክራለን። ሲሸጡ የሞተሩን ዓይነት በደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ ደንበኛውንም ኮምፒውተሩ የፋብሪካው ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ ብለው ይጠይቁ። ከአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች የሚወጣው ባለ ሦስት ጫፍ ዕቃ ሚኒሞንና ሙሉ መከፈትን ብቻ የሚያስታውቅ ማብሪያና ማጥፊያ መሆኑን ይወቁ፤ መልኩ ቢመሳሰልም የሴንሰሩን ሥራ አይሠራም። ዕቃ ሲመለስ ከመለወጥ አስቀድሞ በገዢው ፊት ይለኩ። ለላኪው የሚጻፈው ደብዳቤ «ተበላሽቷል» ከሚል ቃል ይልቅ የተለካውን ኦምና ቮልት ይዞ ቢሄድ ተቀባይነቱ ይበልጣል።

በሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቴስተር ተቀምጧል። ዋጋው ያለ አግባብ ከተለወጠ አንድ ዕቃ ጋር ቢተያይ ጥቂት ነው።